ከጓንግ ማዶ የቀረው ሰው

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር የተወለደ ሰው የድርቡሽን ጦርነት ሳይሰማ አያድግም ነበር። መተማ ማለቴ ነው፣ የሱዳን ጠረፍ። የአባቴ አያት ተሰማ፣ ድርቡሽ የመጣ ጊዜ የወንዙን መሻገሪያ፣ መልካውን፣ ከያዙት ሰዎች አንዱ ነበር። ታዲያ ያ የቆላ ሰው ምን አለ መሰላችሁ፣ ለማንም አንገብርም አለ። ለማንም። እና ተሰማ ተዋግቶ ተዋግቶ ወደቀ፣ ሬሳውም ማዶ ቀረ።

ሚስቱ ብሬ ተሻገረች። አዎ፣ ብቻዋን፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጦር ወደሰፈረበት። አትሂጂ፣ ይማርኩሻል ብለው ለምነዋት ነበር። እሷ እቴ! ማዶ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ድርቡሽ አገኘች፣ ድሮ ለገበያ ሲመላለስ አማርኛ የለመደ። ባሌን ስጠኝ አለችው። ታዲያ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አየና፣ "እኛም ቱርክ አይገዛንም ብለን ነው ጦር ያነሳነው። ለአገሩ የሞተ ሰው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባልሽን ውሰጂ" አላት። እና በአህያ አስጭኖ ሸኛት።

ይህንን እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ለሐሰን ነገርኩት። ሐሰን ሱዳናዊ ነው፣ ገላባት፣ ከኛ ፊት ለፊት ያደገ። ኤርፖርት ክሊኒንግ ስንሠራ ነው የተዋወቅነው። ጓንግን እነሱ አትባራ ይሉታል፣ ውሃው ግን አንድ ነው፣ እና ብሬክ ላይ ወሬያችን እሱ ነበር፤ ሲሞላ ድምፁ፣ ዓሣው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የአፈሩ ሽታ። እንግሊዝኛችን ሲያልቅ በአረብኛ፣ አረብኛዬ ሲያልቅ በእጅ።

ታዲያ ስለ ብሬ ስነግረው ሻዩን አስቀመጠና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ተቀየመኝ ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ ምን አለኝ፣ "የኔም ቅድመ አያት ከዚያ ጦርነት አልተመለሰም። አጥንቱ እናንተ ጋ ነው። የኛን ግን ተሻግሮ የጠየቀ የለም።"

አብረን እንሄዳለን፣ መልካው ላይ ቆመህ ዱዓ ታደርግለታለህ አልኩት። ጡረታ እንውጣና እንሄዳለን ተባባልን፣ ስናወራው ኖርን። እና ጡረታ ስንወጣ እነሱ አገር ጦርነት ሆነ፣ በኛም በኩል መንገዱ በግጭት ተዘጋ። ሐሰን ባለፈው ዊንተር አረፈ። እኔም ይኸው እዚሁ ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ሰፈር ቁጭ ብዬ በረዶ አያለሁ፣ ልቤ ግን ወንዙ ዳር ነው። እዚያ ሄዶ ሐሰንን ያላሰበበት ቀን የለም።

ሽማግሌው ይህን ተርከው ሲጨርሱ የጎረቤታቸው ልጅ ሐና ጠየቀቻቸው፦ "ጋሼ፣ ሶሪ፣ የዚያ ሰውዬ ስም፣ ላይክ፣ የሐሰን ቅድመ አያት፣ ያውቁታል?"

አደም። አደም ነው ስሙ፣ ልጄ፣ አሏት።

"ኦኬ። መንገዱ ሲከፈት አብረን እንሄዳለን። እርስዎ ካልቻሉ ደግሞ እኔ ሄጄ፣ እዚያው ውሃው ጋ ቆሜ፣ አደም ብዬ እጠራዋለሁ።"