ስንት ሰው ጠቀሰህ?

አማርኛ ራሱ ጉድ ሠርቶኝ ያውቃል። ለሠርጌ የባህል ልብስ ልንገዛ ከእጮኛዬ እናት ከእትዬ ብርቄ ጋር መርካቶ አንድ ሱቅ ገብተን ሳለ፣ የክፍል ኃላፊዬ ስለ ማዕረግ እድገቴ ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ደወለ። "ጥናትህን ስንት ሰው ጠቀሰው?" ሲለኝ፣ በዚያ ጫጫታ ጮክ ብዬ "አንዱ ዳታቤዝ አርባ ሰው ጠቅሶሃል ይለኛል፣ ሌላው ሁለት ብቻ" አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ እትዬ ብርቄ የያዙትን ነጠላ አስቀመጡ። "ማነው ደግሞ አንተን የሚጠቅስህ?" "እኔም አላውቃቸውም እትዬ፤ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።" "አንተስ?" "እኔም እጠቅሳቸዋለሁ። ሲያንስብኝ ራሴንም እጠቅሳለሁ።" ፊታቸው ሲለዋወጥ እንኳ አልገባኝም። የባነነው ባለሱቁ ነው፤ ዝም በል ሊለኝ በዓይኑ ጠቀስ አደረገኝ። እሳቸው አዩት።

"እሺ፣ ይሄኛውስ ከአርባው ጋ ነው ከሁለቱ ጋ የሚቆጠርልህ?" አሉኝ።