ኮሎራዶ ተራራ ላይ የመጡብኝ ሽማግሌዎች

በእኛ ጊዜ ማምሸት ማለት ምን መሰላችሁ? ሺፍት ማለት ነበር። ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ያለ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን፣ ማታ ገብቼ ጠዋት ስወጣ ኖሬ ኖሬ፣ ሰው ለመዝናናት ብሎ ሲያመሽ ያየሁት ሪታየር ካደረግኩ በኋላ ነው፣ እሱም የት? ኮሎራዶ፣ በረዶ ተራራ ላይ። አትሳቁ፣ ልንገራችሁ።

ነገሩ የልጄ የማርታ ነው። ኬቨን የሚባል ልጅ አለ፣ ፍራንክሊንተን የሚኖር፣ አብረው ይሠራሉ፣ ደህና ልጅ ነው፣ ክፉ አይወጣውም። ታዲያ አንድ ቀን መጣችና ጣቷን አሳየችን፣ ቀለበት። "ኢንጌጅ አደረግን" አለች። እናቷ የሺ ቀለበቱን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ እና "ማን ጠየቀን?" አለች።

"እማ፣ ሂ አስክድ ሚ።"

"አንቺን አላልኩም። እኛን ማን ጠየቀን? ሽማግሌ የታለ? ሦስት ሰው መጥቶ፣ ፊቴ ቆሞ፣ ልጅሽን ለልጃችን ካላለኝ ሰርጉ ላይ አልገኝም" አለችና ጓዳ ገባች። የሺን ታውቋታላችሁ፣ አንዴ ካለች አለች ነው። ልጅቷ ስታለቅስ አደረች፣ እኔም መሀል ላይ ቀረሁ። እናቷ የሌለችበት ሰርግ ምን ሰርግ ነው? እስቲ ንገሩኝ።

ታዲያ የኬቨን አባትና ሁለት አጎቶቹ በየዓመቱ ለስኪ፣ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ኮሎራዶ ይሄዳሉ፣ እና እኔንና የሺን ኢንቫይት አደረጉን። ፋሲካ አልፏል፣ እኛ ጋ ሣር እየታጨደ ነው፣ እዚያ ግን ገና በረዶ ነው አሉ። የሺ ንቅንቅ አልል አለች። "አንተ ሂድ" አለችኝ፣ "ግን አደራህን፣ ብላ ጠጣ ሲሉህ ሆድህ ራርቶ እሺ ብለህ እንዳትመጣ።" "አልልም" አልኩና ከማርታና ከኬቨን ጋር ሄድኩ።

ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ዙሪያዋ ተራራ ነው። ቀን ቀን ሰው አታዩም፣ ሁሉም ተራራው ላይ ሲንሸራተት ነው የሚውለው። አመሻሹ ላይ ወርደው መንገዱን ይሞሉታል፣ ያን ከባድ የስኪ ጫማ እንዳደረጉ ኳ ኳ እያሉ፣ ጫማ እንደጠበበው ሚዜ። ሆቴሉ ጓሮ ደግሞ እዚያ በረዶ መሀል የሙቅ ውሃ ገንዳ አለ፣ እና ወንዱም ሴቱም ራቁቱን ሊሆን ምንም ሳይቀረው እዚያ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ቢራውን ይዞ ይጫወታል። ኬቨን "ጋሼ፣ ይግቡ" አለኝ፣ ጋሼ ማለትን ማርታ አስተምራዋለች። "እኔ በረዶ ላይ ልብሴን የማወልቀው ሞቼ ስገነዝ ነው" አልኩት።

ከዚያ አንድ የእንጨት ቤት ገባን። እሳቱ ይነዳል፣ ጥግ ላይ ጥሩምባና አኮርዲዮን ይጫወታሉ፣ ወይን አሙቀው፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምረውበት ይሰጧችኋል፣ እና ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው እንዲህ ሲያመሽ እኔ ካርቶን ስቆልል ነበርኩ እላለሁ በልቤ። ማርታና እኔ አንድ ጠረጴዛ ይዘናል፣ ሌሎቹ ወንበሮች ላይ ካፖርታችንን ደርድረናል፣ ኬቨን መጠጥ ሊያመጣ ሄዷል፣ አባቱና አጎቶቹ እዚያ ማዶ ከጓደኞቻቸው ጋር ናቸው።

ታዲያ ቀና ስል ሦስት ሰዎች። የኬቨን አባት መሀል፣ አጎቶቹ ግራና ቀኝ፣ ሦስቱም ሽበታም። መጥተው ፊቴ ቆሙ። አባትየው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አለ፣ እኔ ምን እንዳለ ልብም አላልኩት። ምን አደከመኝ? ሦስት ሽማግሌ ፊቴ ቆሞ ጎንበስ ሲል ሌላ ምን ሊሆን ነው? ልጅቷ ነግራቸዋለች ማለት ነው አልኩ። ብድግ አልኩ፣ ኮቴን ቆለፍኩ፣ በአማርኛ ነው የተናገርኩት፣ እንዲህ ያለ ነገር በእንግሊዝኛ አይሆንልኝም።

"አክብራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ነገር ግን ልጅ የአባት ብቻ አይደለችም፣ እናት አላት፣ ዘመድ አላት። መክረን መልስ እንድንሰጣችሁ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይሁንልን" አልኩና "በይ ተርጉሚ" አልኳት።

ማርታ አፏን በእጇ ይዛለች። "ዳድ" አለች፣ "ወንበሩን ነው የጠየቁህ። ሰው ከሌለው እንውሰደው ወይ ነው ያሉህ።"

አፈርኩ። ወዴት ልግባ? አባትየው "ምን አለ?" ይላታል። ምንም አላለም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፣ ግን ሁሉንም ነገረችው፣ እናቷ ያለችውን ሳይቀር። ሰውየው ሰምቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ "ጠያቂው ምን ያደርጋል?" አለኝ።

"ይቆማል" አልኩት።

"እስከ መቼ?"

"ተቀመጡ እስኪሉት።"

ታዲያ ቆቡን አወለቀ። ወንድሞቹን ጠቀሳቸው፣ እነሱም አወለቁ። "ኬቨን ልጄ ነው፣ ልጅዎን ይወዳታል" አለ። "ደንቡን ባለማወቅ አጥፍተናል። አሁን ግን እየጠየቅን ነው።"

እኔ ሆዴ ባባ፣ እውነቴን ነው፣ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ አቆምኳቸው። ቀኑን ሙሉ ሲንሸራተቱ የዋሉ ሰዎች ናቸው፣ የአንደኛው አጎት ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ እያየሁት። ምን ላድርግ፣ ሥርዓት ነው። በመጨረሻ "ተቀመጡ" ብዬ ዞር ስል ወንበሩ የለም፣ እኛ ስንነጋገር ሌሎች ካፖርታችንን ጠረጴዛ ላይ ከምረው ወስደውታል። ቆመን ጠጣን፣ ቆመን አመሸን፣ አባትየው እጄን ይዞ አስጨፈረኝ።

ለየሺ ኮል አደረግኩላት። "እሺ ብለህ እንዳይሆን" አለች።

"ቀጠሮ ነው የሰጠሁት።"

"ቆመው ነው የጠየቁህ?"

"ቆመው።"

 "ይምጡ" አለች።

መጡ። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ፣ እዚሁ ግሮቭ ሲቲ፣ ቤታችን፣ ሦስቱም ከራባት አስረው። ደወሉን ሲጫኑ ልከፍት ስነሳ የሺ ክንዴን ያዘችኝ። "አንተ ፊት ነው የቆሙት፣ እኔ ፊት ገና ናቸው" አለች። በመስኮት ታያቸዋለች። ፈረንጅ ሽማግሌዎች ደጃችን ላይ ተገትረው፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ። አንደኛው አጎት ደወሉን ሊደግም ሲል አባትየው እጁን መታው። ይኼኔ ነጠላዋን አስተካከለችና ራሷ ሄዳ ከፈተች፣ "ግቡ" ስትላቸው እንባዋ ይወርዳል።

ብርዱ ነው ትላለች እስከ ዛሬ። ሜይ ነበር እኮ፣ ኤሲ ከፍተን ነበር።