ከጠርዝ የጀመረ ስንጥቅ

«ወንጌልዬ፣ ነይ ወደዚህ ጠጋ በይ፤ በሩ ጋ ነፋስ ይመታሻል። አይገርምሽም? ጧት እንጦጦ ላይ ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ አልነበር? አሁን ላምበረት ስንደርስ ፀሐዩ ሹራብ ያስወልቃል። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት አገር ነው ያለን። ሻዩስ እንዴት ነው? ስኳር አበዙበት መሰለኝ... ግድ የለም፤ ዛሬ ጣፋጭ ነገር ሳያስፈልገን አይቀርም።»

አሳየች ይህን ያለችው ሙክታር የመኪና መስታወት ቤት ውስጥ፣ ለደንበኛ ማረፊያ ተብላ በተከፈለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አሳየች ራሷ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች ጸሎት ኅብረት ጸሐፊ ናት። ወንጌል በአንድ የግል ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ወጣት ናት፤ ወደ ኅብረቱ ከመጣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ሦስተኛዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ውጭ የቆመው ነጭ መኪና የእሷ ነው፤ ሦስቱም ከጸሎት የወረዱት በእሱ ነው።

አሳየች ወደ መስኮቱ አንድም ጊዜ አልዞረችም።

«ሙክታር የመኪናውን ካሜራ አስተካክሎ እስኪጨርስ አንድ ሰዓት ይወስዳል አለ። እስከዚያ አንድ ነገር ላጫውትሽ። እዚህ ስለሌለች ሴት ነው፤ አታውቂያትም። እሷም ነጭ መኪና አላት፤ ግማሹ በነዳጅ ግማሹ በባትሪ የሚሄድ ሀይብሪድ። እንዲያው አጋጣሚ ነው። አዲስ አበባ ነጭ መኪና ሞልቶ የለ?

«ወይ ያቺ ሴት! ስትጸልይ ብትሰሚያት መላእክት ወንበር ስበው የሚያዳምጧት ነው የሚመስልሽ። ድምፅዋ፣ ዕንባዋ... ሁሉም በሰዓቱ ነው የሚመጣላት። መኪናዋም ቁርጥ እሷን ነው። ሲነሳ ድምፅ የለው፤ በባትሪ ሹልክ ይላል። አጠገብሽ ደርሶ ካልሆነ መምጣቱን አታውቂም። ደግሞ ከውስጠኛው ስፖኪዮ ጀርባ፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተጣበቀ ካሜራ አለው። መስመር ስትስቺ ይነግርሻል። ሰው ፊትሽ ሲገባ ራሱ ፍሬን ይይዝልሻል። ምን የመሰለ ነገር ነው! አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ፤ ካሜራዎቹ ሁሉ ወደ ውጭ ነው የሚያዩት። ወደ ውስጥ የሚያይ ለምን አልሠሩም ትያለሽ? ገዢ አናገኝም ብለው ይሆን?»

ወንጌል ሣቀች። መስኮቱ ሥር ያለችው ሴት ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«ጨዋታችን ስለ ኅዳር ወር ነው። ሴትዮዋ አርብ ማታ ለጸሎት እንጦጦ ወጣች። ሌንጮ የሚባል ሹፌር አላት፤ ቅዳሜ ዕረፍቱ ስለሆነ አርብ ቀን ሱሉልታ ደርሶ መጥቶ ቁልፉን አስረክቧት ሄዷል። ስለዚህ ራሷ ነዳች። ጎኗ አንዲት ጓደኛዋ ተቀምጣለች... እሷንም አታውቂያትም። ብዙ የሚወራላትም ሴት አይደለችም። ሻይ ታፈላለች፣ ወንበር ትደረድራለች፣ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች። በየኅብረቱ እንደዚህ ያለች አንድ አትጠፋም። ፔርሙስ ተሸካሚዋ እንበላት።

«እዚያው ጸሎት ቤት አድረው ጧት ሲወጡ የመኪናዋን መስታወት ውርጭ አልብሶታል። ነጭ በነጭ! ፔርሙስ ተሸካሚዋ "ሞተሩን አስነሺና እስኪሞቅ እንጠብቅ" አለች። አይ የዋህነት! ጸሎቷ እስኪመለስ ዓመት የምትጠብቅ ሴት ለውርጭ አምስት ደቂቃ ትጠብቅ? "ያንን ፔርሙስ አቀብዪኝ" አለቻት። ሻይ ሊፈላበት የተቀዳ ትኩስ ውሃ ነበረበት። አቀበለቻታ! እንዲያውም ክዳኑን ከፍታ ነው ያቀበለቻት፤ ትሕትናዋን እይልኝ። ሴትዮዋ ቸለሰችበት። እንፋሎቱ ቦለል አለ፣ ውርጩ ቀለጠ፣ ሁለቱም "ሃሌሉያ!" አሉ። ሃሌሉያው ሳያልቅ ታች፣ ጠርዙ ጋ፣ አንድ ነገር "ቀጭ" አለ። ከዚያ ስንጥቁ እንደ ቀበና ወንዝ እየተጠማዘዘ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ መሪው ፊት ድረስ ወጣ።

«ይሄ እንግዲህ ማንም ላይ ይደርሳል። መስታወት ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ይቀየራል። አሁን ይሄ ምን ኃጢአት አለበት? ምንም የለበትም... ቤት እስኪደርሱ ድረስ።

«ግቢ ሲገቡ ባሏ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነው። ቀና አለና "ምን ሆኖ ነው?" አላት። ከመኪናው እስከ ደጃፉ ስንት እርምጃ ቢሆን ነው? ሰባት? በሰባት እርምጃ ውስጥ ያቺ ባለ ብሩህ አእምሮ አንድ ሲኖትራክ አመጣች፣ ጠጠር ጫነችበት፣ ሱሉልታ መንገድ ላይ አወጣችው፣ ሌንጮን ከኋላው አስጠጋችው! "ትናንት ከሱሉልታ ሲመለስ ከሲኖትራክ ጀርባ ተጠግቶ ሲነዳ ድንጋይ መታው። ሳይነግረን ቁልፉን አስቀምጦ ሄደ" አለች። ድንጋዩን በእጇ የያዘችው ያህል ነው የተረከችው። እንዲህ ያለ ስጦታ ለስንት ሰው ይሰጣል?

«ሌንጮ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጆቿን ትምህርት ቤት ያመላለሰ ሰው ነው። ትንሿ ልጅ መንገድ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ጉድጓዱን በእግሩ ዳስሶ የሚያልፍ የሚመስል ነጂ። ተጠርቶ መጣ። "ቁልፉን ሳስረክብ መስታወቱ ደህና ነበር" አለ። ሌላ ምን ይበል? ማንስ ያምነዋል? በአንድ በኩል የኅብረት መሪ፣ በሌላ በኩል ሹፌር። እዚያው አሰናበቱት። ሴትዮዋ ታዲያ ክፉ አይደለችም፤ እስከ በር ሸኝታ "እጸልይልሃለሁ" አለችው። እውነትም ጸለየችለት፤ ስሙን ጠርታ፣ ሁላችን ፊት... ሁላቸው ፊት ማለቴ ነው።

«ፔርሙስ ተሸካሚዋስ ትዪኝ ይሆናል። ባልየው እሷንም ጠይቋታል። "እህቴ፣ አንቺስ ምን አየሽ?" አላት። ባዶውን ፔርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ወደ ታች ጫማዋን አየች። ጫማዋ ላይ ጭቃ ነበር፤ እሱን በደንብ አየችው። "እኔ እንኳ... ልብ አላልኩም" አለች። ይህቺም ቀላል እንዳትመስልሽ! አምስት ሊትር የማይሞላ ዕቃ ተሸክማ አንድ ቤተሰብ የሚበላበትን እንጀራ ደፋች። ሌንጮ ግን ሲወጣ ምን አላት መሰለሽ? "እርስዎ እንኳ ነበሩ እኮ" አላት።»

የአሳየች ድምፅ እዚህ ላይ ተሰበረ። ሻይ ጎንጨት አለችበትና እንደገና አቀናችው።

«ወደ ጨዋታችን... ለሌንጮ አሁን አንድ ድርጅት ሥራ ሊሰጠው ነበር። የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጣ አሉት። ባልየው ጻፈለት። እውነተኛ ሰው ነው፤ የነገሩትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፈ፦ "ጥንቃቄ ይጎድለዋል፤ ያደረሰውን ጉዳትም ይደብቃል።" ይህን ይዞ ማን በር ላይ ይቆማል? ድርጅቱ እስከ ሰኞ ጠብቆ ሌላ ሰው ሊቀጥር ነው። ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ጊዜው እንዴት ይሮጣል! ጠጪ እንጂ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

«አዲሱ መስታወት ከዱባይ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የገጠመላት ባለሙያ፣ የእኛን ሙክታር የመሰለ ሰው ነው፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ አስጠብቆ፣ መኪናው ፊት ምልክት ያለበት ሰሌዳ አቁሞ፣ ካሜራውን ሲያስተካክል ግማሽ ቀን ዋለ። "እዚህ ላይ በፀጉር ያህል ከተዛነፈ፣ ሩቅ ሲሆን ሌላ መንገድ ነው የሚያየው" አላት። በፀጉር ያህል! ሴትዮዋ በጣም ተደነቀች። ለመኪና እንዲህ መጠንቀቃቸው ደስ አይልም?

«ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ኅብረቱን ሰብስባ መኪናዋን ዘይት ቀባች። ጥሩ ነገር ነው። ሌላው ሰው መሪውን ይቀባል፣ በሩን ይቀባል። እሷ ከፍ ያለውን ቦታ ትወዳለች። በርጩማ ላይ ወጥታ፣ ከውጭ በኩል፣ ካሜራው ልክ በሚያይበት ላይ፣ በሦስት ጣት! "የሚያየው ዓይን ይቀባ!" አለች። የዘይቱን ጠርሙስ ማን ያዘላት? ፔርሙስ ተሸካሚዋ ነቻ! ምን ታድርግ፣ መያዝ ለምዳለች።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው አላረፈም። "ካሜራው ማየት አይችልም" እያለ ይጽፋል። ቢፕ። ከእንጦጦ ሲወርዱ ቢፕ፤ ቀበና ድልድዩ ላይ ቢፕ፤ ፓስተሩን ልታሳፍር ስትቆም ቢፕ። እሷ "ዝም በል! በኢየሱስ ስም!" ትለዋለች። መኪና ግን ሹፌር አይደለም፤ ዝም አይልም። ምን አልሽ? ዛሬ ጧት እኔም እንዲህ ያለ ድምፅ ሰማሁ ነው ያልሽው? አጋጣሚ ነው አልኩሽ እኮ!

«ባለሙያው ጋ ተመልሳ ወሰደችው። በጨርቅ ጠረገው፤ ጨርቁን አሸተተ። "እህቴ፣ ይሄ የወይራ ዘይት ነው" አላት። ከዚያ በአክብሮት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እኛም አዲስ መኪና ላይ ዱዓ እናደርጋለን... ግን ከካሜራው ትንሽ ዝቅ እንላለን" አላት!»

ወንጌል ሻዩ ትን አላት። አሳየች ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች፣ አብራት እየሣቀች ቀጠለች።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ። ዋናው አሁን ነው የሚመጣው። ሴትዮዋ ስልክ ለማናገር ወጣ ስትል፣ ጓደኛዋ ግድግዳው ጥግ የቆመ አሮጌ መስታወት አየች። ስንጥቁን አወቀችው። የራስን ልጅ ሰው መሐል እንደ ማወቅ ነው። "ይሄ አልተጣለም እንዴ?" አለችው ባለሙያውን። "ለሠራተኞቼ ማስተማሪያ አስቀመጥኩት" አላት። "ድንጋይ መታው ብለው ነው ያመጡት። ድንጋይ የመታው ግን የተመታበት ነጥብ ይኖረዋል፤ ዙሪያውን እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል። እስቲ በእጅሽ ዳስሺው፤ አንድ ጠባሳ የለውም። ይሄ ከጠርዝ የጀመረ ስንጥቅ ነው። የቀዘቀዘ መስታወት ትኩስ ውሃ ሲፈስበት እንዲህ ነው የሚሄደው። ስንቱን አየሁ።"

«ማንም ምንም ሳይነግረው! ሁለት ሴቶች፣ ሁለት አፍ፣ በየሳምንቱ ጸሎት... ያልተናገርነውን አንድ የተጣለ መስታወት ተናገረው። ለባለመኪናው፣ ለባልየው ማለቴ ነው፣ ሲመጣ ላሳየው ብሏል። ሰውየው ነገር ማወቅ ይወዳል አሉ።»

መስኮቱ ሥር የነበረው ስልክ ወለሉ ላይ ወደቀ። አሳየች ዐሥር ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት የጣለችውን ሁሉ እያነሳች ኖራለች፤ ነጠላዋን፣ ቁልፏን፣ መነጽሯን። ዛሬ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ቦርሳዋን ከፈተችና አበባ ያለበትን አረንጓዴ ፔርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው መሐል ላይ አኖረችው። ወንጌል ሣቋን አቆመች። ፔርሙሱን አየች፤ አሳየችን አየች።

«ይሄ? ዕቃ ነው የኔ እመቤት፣ አትፍሪው፤ ዛሬ ባዶውን ነው። እና ባልየው መኪናውን ለማየት እየመጣ ነው አሉ። ሾላ ደርሷል። ከሾላ እዚህ ስንት ደቂቃ ይሆናል? መንገዱ ካልተዘጋ ዐሥር? ለሲኖትራክ ሰባት እርምጃ የበቃት ሴት ዐሥር ደቂቃ ምን ይሠራላታል! ብቻ ይሄኛው ነገር የተለማመደችው አይደለም... ጊዜ ሊወስድባት ይችላል።

«ፔርሙስ ተሸካሚዋ እንኳ ቆርጣለች። ሰውየው እግሩ እንደገባ "ያን ቀን ልብ አላልኩም ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ ውሃውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሌንጮ የለበትም፤ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ቀይርለት" ልትለው ነው። ሴትዮዋ ቀድማ ብትናገር ደስታዋ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ከኋላዋ ትቆማለች። ካልሆነም... እንግዲህ አንድ ቀን ከፊት መቆም ትማራለች።»

ውጭ ክላክስ ጮኸ። የግቢው የብረት በር ሲገፋ ተሰማ፤ ሙክታር አንድን ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ሲል ተሰማ። አሳየች ተነሳች፤ ፔርሙሱን በሁለት እጇ ያዘች፤ ያን ቀን በታቀፈችው አኳኋን። መስኮቱ ሥርም ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። አሳየች አሁንም አልዞረችም።

«በይ ወንጌልዬ፣ ሰው አምተን ሳንመርቅ አንነሳም። እጅሽን ዘርጊ። እግዚአብሔር ያቺን ሴት ይባርካት። ዕድሜዋን ያርዝመው። ውርጭ የሌለበት መንገድ ይስጣት። ልጆቿን ያሳድግላት፤ አንድም ነገሯን ሳይስቱ እሷኑ ይምሰሏት። ደግሞ ሰው ናትና፣ ምናልባት አንድ ቀን ባልሠራችው ነገር ሰው ፊት ብትቆም... ያን ቀን ብቻዋን አይተዋት። ለሌንጮ የቆመችለትን፣ ያቺን ፔርሙስ ታቅፋ ጫማዋን የምታይ ታማኝ ጓደኛዋን የመሰለች ምስክር፣ ጌታ አጠገቧ ያቁምላት። አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ... ጮክ በይ፤ እዚያ መስኮቱ ጋ ይሰማ።»