የእማማ ብቅል

«የሞተም ይሠራል» ብዬ መንደር ሙሉ ሰው ስቆብኛል። እንጅባራ ቤተ ሙከራችን ውስጥ የሠራናትን ቁራጭ ወረቀት ይዤ ጥሊሊ አጠገብ ወዳሉ ገበሬዎች ሄጄ ነበር። ግብጦ ሲነከር ከመራራው ጋር ሰውነት የሚገነባው አሚኖ አሲድም አብሮ ይወጣ እንደሆነ ልለካ ነው። «የባክቴሪያ ሴል ሰብረን፣ የውስጡን አውጥተን፣ እዚህ ወረቀት ላይ አድርቀነዋል። ሕይወት የለውም፤ ግን አሚኖ አሲድ ሲያገኝ ይቀላል፤ ብዙ ካገኘ ደግሞ ይደምቃል» አልኳቸው። «የሞተማ ይቀበራል እንጂ ይሠራል?» አለ አንዱ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ግብጦ የሚሰጠኝም የጠፋ መሰለኝ።

ይሄኔ ጠላ በመጥመቅ የሚታወቁ፣ እማማ ጥሩ የሚባሉ እናት ተቆጡ። «ምን ያስቃችኋል? ገብሱን አብቅለን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ ፈጭተን የለም እንዴ? ያን ብቅል ብትዘሩት አይበቅልም። ጋን ውስጥ ስትጨምሩት ግን ሥራውን መቼ ረስቶ ያውቃል?» ሳቁ ቀጥ አለ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ያጣሁት ምሳሌ ለካ እሳቸው ጓዳ ኖሯል! ግብጦ የነከሩበትን ውሃ ራሳቸው በጣሳ ቀድተው አመጡልኝ። ወረቀቷ ላይ ጠብ አድርጌ ጠበቅን፤ ቀስ እያለች ቀላች። እማማ ጎንበስ ብለው አዩዋትና ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ።

«ብቅልሽ ሠራ፣ ልጄ።»