ሌባ አስገብቶ የማያስወጣው በር

ይህ ታሪክ ቅንጣት ውሸት የለበትም፤ ካለበት ምላሴ ይታጠፍ! ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ከእኩዮቼ እጥፍ የተማርኩ ሰው ነኝና እመኑኝ።

ሠፈርተኛው «ጋሽ ክርችም» የሚላቸው አንድ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። የሱቃቸው በር አሥራ አንድ ቁልፍ ነበረው። ጠዋት መክፈት ጀምረው ሲጨርሱ ምሳ ሰዓት ስለሚደርስ መልሰው መቆለፍ ይጀምሩ ነበር። ያም ሆኖ ሱቁ በአንድ ዓመት ሦስቴ ተሰረቀ። ጋሽ ክርችም ተናደው አሥራ ሁለተኛውን ፈለሰፉ፤ ሌባው እንደምንም ከፍቶ ቢገባ፣ በሩ ከኋላው ጠቅ ብሎ ይዘጋል፤ ከውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ ስለሌለው እዚያው ይቀራል።

በገጠሙት ማግስት ጋሽ ክርችም ገቡ። ነፋስ በሩን ገፋው። ጠቅ!

በሩን ሲደበድቡ የደረሰችው የእህታቸው ልጅ ነበረች። ልጅቷ የተማረች፣ ወጣቶች ወደ ወንጀል እንዳይገቡ የሚያግዝ ማኅበር ውስጥ የምትሠራ ናት። ለአሥራ አምስት ወጣቶች የሙያ ማሠልጠኛ የሚሆን የድጋፍ ገንዘብ ለመጠየቅ ፕሮፖዛል ጽፋ፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ማኅተም ብቻ ጎድሏት ነበር። ማኅተሙ ደግሞ ሰብሳቢው ጋሽ ክርችም ዘንድ ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቃቸው ሁለት ጊዜ እምቢ ብለዋታል። ማመልከቻው የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነበር።

«አጎቴ! ምን ሆነው ነው?»

«ሌባውን ይዤዋለሁ።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ! ነይ በመስኮቱ ቁልፉን ተቀበዪና ክፈቺልኝ።»

መዳፍ በምታህለው መስኮት ቁልፉን ተቀበለች። ስታዞረው ግን ቀጭ ብሎ ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ቀረ።

«ገበያ ያለውን ቁልፍ ሠሪ ልጥራው?»

«እሱን ከምትጠሪ ቀባሪ ጥሪልኝ! አገር ምድሩን ሊያስቅብኝ?»

«እንግዲያው ከማኅበራችን ልጆች ሽቦ የምንለውን እጠራዋለሁ። እጁ ቀጭን ነገር ይወዳል።»

«ሽቦ? ያ መስኮቴ ሥር የሚያደባው ዱርዬ?»

አማራጭ አልነበራቸውም፤ ስልክ ደወለች። እየጠበቁም በመስኮቱ ግራና ቀኝ ሆነው ክርክራቸውን ቀጠሉ።

«ስሚኝ ልጄ፤ ገንዘብ የሚሰጥ ካለ ለአጥርና ለዘበኛ ይስጥ። ምንም ላላጠፋ ልጅ ወጪ ማውጣት ምን ይሉታል? ላልታመመ ሰው መርፌ መውጋት!»

«ክትባትስ ምንድን ነው አጎቴ?»

ጋሽ ክርችም ሳሉ። ሳል ያልነበረባቸው ሰውዬ ናቸው።

«ይሁን። ከዓመት በኋላ ገንዘብ ሰጪው መጥቶ ‹ስንት ስርቆት አስቀራችሁ?› ቢልሽ፣ ያልተሰረቀ ዕቃ ልታሳዪው ነው?»

«እርስዎ የሸጡት ቁልፍ ስንት ሌባ እንደመለሰ ያውቃሉ?»

«በየት በኩል አውቄ!»

«ታዲያ ሰው ለምን ይገዛዎታል?»

«ተኝቶ ስላደረ ነዋ!»

«እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ደግሞ የሚታይም አለ። ስንቱ ትምህርት ቤት ተመለሰ፣ ስንቱ ሙያ ያዘ፣ ስንቱ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ሳይደርስ ቀረ፤ ይህን እንድንመዘግብ ገንዘብ ሰጪዎቹ ያስገድዱናል። ልጁ ወንጀል ውስጥ ከገባ በኋላ መሯሯጥማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።» ፕሮፖዛሉን አውጥታ በመስኮቱ አሳየቻቸው። «እውነቱን ልንገርዎት? የመጣሁት ለማኅተሙ ብቻ አልነበረም። ‹አሠልጣኝ› የሚለው መስመር ባዶ ነው።»

«እኔ? ዱርዬ ሰብስቤ ቁልፍ አከፋፈት ላስተምር? ለጅብ ሥጋ ቤት ክፈትለት በዪኛ!»

«መክፈቱንማ መንገድ ያስተምራቸዋል አጎቴ። መሥራቱን ነው የሚያስተምራቸው የጠፋው። በእጁ ቁልፍ የሠራ ሰው የተሰበረ በር ሲያይ ያመዋል። እርስዎን አያምዎትም?»

ይህን ስትል ሽቦ እየሮጠ ደረሰ። ገና ማንም ሳይናገረው ሁለት እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ እኔ አልነካሁም! አሁን ነው የመጣሁት!»

ይህች ቃል ጋሽ ክርችምን ከተዘጋባቸው በር የበለጠ ጠዘጠዘቻቸው። ሳይጠየቅ «አልነካሁም» ማለትን ይህ ልጅ ከየት ተማረ? ከእሳቸው መስኮት ሥር ስንት ጊዜ አባረውታል!

«ማን ነካህ አለህ» አሉ፤ ድምፃቸው ለስልሶ። «ይችን ቀጭን ሽቦና ዘይት ያዝ። ስብርባሪውን አትታገለው፤ አባብለው። ቁልፍ እንደ ልጅ ነው፤ በጉልበት ከያዝከው...»

የራሳቸው አፍ ያወጣውን የራሳቸው ጆሮ ሰማው። ልጅቷ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ መንገዱ ዞረች።

ሽቦ በሁለተኛው ሙከራ ስብርባሪውን አወጣው። ጋሽ ክርችም ትርፉን ቁልፍ በመስኮት አቀበሉት፤ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ክርችም ልጁ ዓይኑን ወደ ዕቃው ይወረውራል ብለው ሲጠብቁ፣ እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀዳዳውን ብቻ ያያል።

«ጋሼ፣ ስስበው እምቢ ያለኝ፣ ገፋ ሳደርገው ለምን ወጣ?»

«መስኮቴ ሥር የምትቀመጠው ለዚህ ነበር?»

«ሲሞርዱ ለማየት ነበር። የቁልፉን የመጨረሻዋን ጥርስ ሲያወጡ ሁልጊዜ ይዞሩብኛል።»

ሠላሳ ዓመት ሞርደዋል። የወለዷቸው ልጆች እንኳ «ለምን?» ብለዋቸው አያውቁም። ማኅተማቸውን ከመሳቢያ አወጡ፤ እፍ አሉበትና ወረቀቱ ላይ ጠበቅ አደረጉት። ባዶው መስመር ላይም ስማቸውን ጻፉ።

«በይ ሩጪ! አንተም አብረሃት ሩጥ፤ ስትመለስ የመጨረሻዋን ጥርስ አሳይሃለሁ።»

ደረሱ። ማመልከቻው ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ገንዘቡ ተፈቀደ። የከረመ መጋዘን ተጠርጎ አሥራ አምስት ሞረድ ተደረደረበት። በዓመቱ ከአሥራ አምስቱ አሥራ አንዱ ሙያ ይዘው፣ ሦስቱ ትምህርት ቤት ተመልሰው ነበር። አንዱ ግን ጠፋ፤ ጋሽ ክርችም እስካሁን ያፈላልጉታል፤ ወንበሩንም ለማንም አልሰጡም። በዚያ ዓመት ሠፈሩ ውስጥ የተሰበረ በር አልነበረም፤ እናቶችም የልጃቸው ስም በተጠራ ቁጥር መደንገጥ ተዉ። የአንድ ወጣት እጅ ሥራ እንዲይዝ የሚወጣ ገንዘብ፣ በኋላ ለዘበኛና ለእስር ቤት ከሚወጣው እጅግ ያንሳል፤ የሚጠብቀው ግን ሁለቱንም ነው፤ በሩንም ልጁንም። የጋሽ ክርችም በር ዛሬ አንድ ቁልፍ ብቻ አለው። እሷም ከውስጥ ትከፈታለች።

አሁን ሳልናዘዝ ብሄድ ምላሴ ስለሚታጠፍ፣ አንዷን ነገር ፈጥሬአታለሁ። ስብርባሪው በሁለተኛው ሙከራ አልወጣም፤ በዘጠነኛው ነው። ጋሼ ዘጠኙንም ጊዜ «አይዞህ ሽቦ፣ ቀስ» ሲሉኝ ነበር።