ዑምዳን ማን ወሰደው?

ክቡራትና ክቡራን፣ ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ዶክተር ሻሂናዝ፣ እንዲሁም በሩ አጠገብ ቆመው ፊታቸውን በቆብ የጋረዱት የማላውቃቸው አዛውንት፤ ስለዚህ የጡረታ መሸኛ ግብዣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ባስቡሳውም ይጣፍጣል። የከነከነኝም እሱ ነው። በዚህ የድመቶች መጠለያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ከሻይና ከደረቅ ብስኩት በቀር የቀመስኩት ጣፋጭ የለም። ዛሬ ምን ተገኘ?

ሳቁ፣ ሳቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እሑድ ዕለት የዑምዳ ፋይል ከመሳቢያዬ ጠፋ። ሰኞ ሕክምና ክፍሉ ስገባ ባልደረባዬ ኒቬንና ዶክተሯ ወሬያቸውን ቀጥ አደረጉት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስመጣ የዑምዳ ሳጥን ባዶ ነው! ምንጣፉ የለም፣ የውኃ ሳህኑ የለም። «ረገብ፣ ዑምዳ የት ሄደ?» አልኩት። «እኔ ምን አውቄ፣ ሐጃ ኢንሺራሕ! እኔ ወለል ጠራጊ ነኝ» አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የትኛዋ ድመት ስንቴ እንዳስነጠሰች ሲነግረኝ የኖረ ሰው!

አዲስ ለገባችሁ ልንገራችሁ፤ ዑምዳ ያ ባለ አንድ ዓይኑ ዳለቻ ሽማግሌ ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አሳዳጊው ስትሞት ልጆቿ የቤቷን ዕቃ እስከ ማንኪያው ተካፈሉ። እሱን የሚፈልግ ጠፋና ከነትራሱ በራችን ላይ ጥለውት ሄዱ። ይኸው አራት ዓመት፣ ሰው ሁሉ በእሱ ፊት አልፎ ትንንሾቹን ይመርጣል።

የእኔ ሥራ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፤ መጠርጠር ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ያረጀ ድመት ስጡኝ» ሲል እናንተ «እንዴት ያለ ደግ ነው!» ትላላችሁ። እኔ «ለምን?» እላለሁ። «አይጥ ትይዛለች?» ብሎ የጠየቀኝን እዚያው አሰናብተዋለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ድመት አይጥ ልትይዝ? አይጡ ነው እሷን የሚይዛት! «እናቴ ብቻዋን ናት፣ ታጫውታት» ያለኝም ነበር። እናትየዋ ዘንድ ብሄድ ድመት ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ሴት ሆና አገኘኋት።

ቅጽ አላምንም። መታወቂያም አላምንም። የማምነው የሕንፃውን ዘበኛ ነው። የአመልካቹን ቤት ሳላንኳኳ በፊት ዘበኛውን፣ ባለሱቁን፣ ከላይ የምትኖረዋን ጎረቤት እጠይቃለሁ። በእስክንድርያ ሰው ከሚስቱ ይደበቅ ይሆናል፤ ከዘበኛው ግን አይደበቅም።

በዚህ ዘዴ ስንቷን ድመት ከክፉ እጅ አድኛለሁ። አንዷን ግን በድያለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ይውጣልኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ፋኽሪ የሚባሉ ሰው መጡ። ትራም ሲነዱ ስለኖሩ ሰፈሩ «ኡስታ» ይላቸዋል። ያኔ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። የአሥራ አራት ዓመቷን ሰኒያን አይተው «ያቺን ጥርስ የሌላትን ስጡኝ፣ ሐጃ» አሉ።

«ለምን እሷን?»

«እኔም ጥርስ የለኝማ። ሾርባ እንካፈላለን።»

ዘበኛቸውን ጠየቅኩት፤ አመሰገናቸው። ባለሱቁም አመሰገናቸው። ሁሉም ሲያመሰግን ይባስ ጠረጠርኩ። እንከን ሳጣ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ደንብ መዘዝኩ፤ ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ድመት አይሰጥም። «ኡስታ፣ እርስዎ ቢሞቱ ድመቷ ምን ትሆናለች?» አልኳቸው፣ ፊት ለፊት፣ ሰው እየሰማ። ቆባቸውን አጥልቀው ወጡ።

ሰኒያ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ብቻ ኖረች። አንድም ሰው አልጠየቃትም። ሳጥኗ ውስጥ ሞተች። አያችሁ፣ የሰውየውን ዕድሜ ቆጥሬ የድመቷን መቁጠር ረሳሁ። አምስቱን ወር የሰው ጭን ላይ መተኛት ትችል ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ጠፋው ዑምዳ ልመለስ። ጠዋት ሳጥኑን ባዶ ሳገኘው «ጡረታ መውጣቴን ጠብቀው፣ ዘበኛ ሳይጠይቁ ለማንም ሰጡት» ብዬ ተቃጠልኩ። ከዚያ ለዚህ ግብዣ ልብስ ልቀይር ወደ ቤቴ ስሄድ የሕንፃችን ዘበኛ አብዱልመውላ ደረጃው ላይ ያዘኝ።

«ሐጃ፣ ምን አጥፍተው ነው?»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ሁለት ሴቶች መጥተው ስለ እርስዎ ሲጠይቁኝ ነበር። ይጮኻሉ ወይ? በረንዳቸው መረብ አለው ወይ? ወጥተው ያድራሉ ወይ? አሉኝ። እኔማ ፖሊስ መስለውኝ!»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እውነቱን ነዋ። ሰው ላይ ይጮኻሉ፣ ድመት ላይ አይጮኹም አልኩ።»

ኒቬን! ዶክተር! በገዛ ዘዴዬ እኔኑ? አንተስ ረገብ፣ መስኮት ስትወለውል ጆሮህንም ትወለውላለህ ለካ! ለዑምዳ «ይዤህ ብሄድ ምን ነበረበት» ስለው ሰምተህ ነው። አዎ፣ ብዬዋለሁ። እወደዋለሁ። አራት ዓመት ምሳዬን የበላሁት ከእሱ ጋር ነው።

ግን ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ኡስታ ፋኽሪን የከለከለ ደንብ ለእኔ ሲሆን ሊላላ ነው? ደግሞስ «ብትሞቺ ማን ይረከበዋል?» ለሚለው ጥያቄ ምን ልጽፍ ነው? ባሌ አፈር ከገባ ቆይቷል። ልጄ ኩዌት ናት፤ ባሏ ድመት ባየ ቁጥር ያስነጥሰዋል። ማንም የለኝም። ስለዚህ አመልካቿን ራሴ ውድቅ አድርጌያታለሁ። አበቃ።

ምንድን ነው፣ ኒቬን? አሃ! ፋይሉ አንቺ ዘንድ ነበር? አምጪው። ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ።

«የዕድሜው ደንብ ተሰርዟል።» የዶክተሯ ፊርማ። ሳያማክሩኝ! «በረንዳ፦ መረብ አለው። ዘበኛ፦ መስክሯል።» የመጨረሻው፣ «አመልካቿ ቢሞቱ ድመቱን የሚረከበው፦ ፋኽሪ ዘይቱን። ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ። ዕድሜ፦ ሰባ አራት።»

ሰባ አራት!

እርስዎ፣ በሩ ጋ ያሉት፣ ያንን ቆብ ያንሱት እስቲ።

አቤት ጌታዬ! እርስዎ ነዎት።

ኡስታ፣ በስምንት ዓመት ይበልጡኛል እኮ! ማን ማንን ሊቀብር ነው? ቆይ፣ አልቀልድም። በሰው ፊት አሳፍሬዎታለሁ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ለእርስዎም፣ ለሰኒያም። ያን ያህል አስቀይሜው ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያዞርብኝ ነበር፤ እርስዎ ግን መጥተው ፈረሙልኝ።

እግርዎ ሥር ያለው፣ ጨርቅ የተጣለበት ቅርጫትስ? ዝም በሉ እስቲ። ይሄ የዑምዳ ድምፅ ነው! ረገብ፣ በሩን ዝጋው!

እሺ፣ ልጨርስ፤ እንባዬ ሳይቀድመኝ። ልጆቼ፣ ፈጣሪ ጤና ይስጣችሁ። እጃችሁን ጭረት እንጂ ክፉ አይንካው። እዚህ ለቀሩት አሮጌዎች ሁሉ የሞቀ ጭን ይላክላቸው። እናንተም ስታረጁ «ይሄን ሽማግሌውን ስጡኝ» የሚል ሰው አይንሳችሁ።

ኡስታ ፋኽሪ፣ ፊርማዎን ተቀብያለሁ። ግን ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ቤትዎን ሳላይ አላምንም። ነገ ከዑምዳ ጋር እንመጣለን። የሰው ቤት ላይ ስሄድ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀድሜ መናገሬ ነው፤ እንግዲህ ሾርባው ለሦስት ይሁን።