ከጥያቄው የቀደመው መልስ

ነይ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ እህቴ። ያኛው ወንበር እግሩ ይወላገዳል፤ ጠዋት ሰው ፊት ሊዘረጋኝ ነበር። ሻይሽን ይዘሽ ነይ። ብስኩት አልደረሰሽም? ከኔ ውሰጂ፤ የኔ ጥርስ እንደሆነ እንደ ጭንቅላቴ ደክሟል… ኧረ ጮክ ብዬ ባወራ ምን ችግር አለው? ከኋላችን የተቀመጡት እነ አሠልጣኛችን ናቸው፣ ትልልቅ ሰዎች። ትልቅ ሰው የሰው ወሬ ይሰማል እንዴ?

ሥልጠናው እንዴት ይዞሻል? ከየትምህርት ቤቱ የሒሳብ ተጠሪ የተባልን ሁሉ እንዲህ አንድ አዳራሽ ስንታጎር ደስ አይልም? እኔማ ከመጣሁ ጀምሮ እጽፋለሁ። ምን እንደምጽፍ ግን እንዳትጠይቂኝ። ማርከሩን ለኔ የሰጡኝ ጊዜ አላየሽም? ርእሱን ብቻ ጽፌ ያንን የሚያህል ወረቀት ጨረስኩት። ከሰሌዳ ጋር ያረጀ እጅ፣ ምን ታደርጊዋለሽ!

እኔ የምልሽ… የትናንቱን የአሠልጣኛችንን ሠርቶ ማሳያ እንዴት አየሽው? እኔ ትምህርት ቤት፣ እኔ ክፍል፣ የራሴ ልጆች! ታምኚኛለሽ፣ አላወቅኋቸውም እኮ። አንድ የሚያዛጋ የለ፣ አንድ እርሳስ የሚቀማ የለ፣ ሁሉም እጁን አውጥቶ እንደ ሠርግ አጃቢ ቀጥ። እንዲህ ያለ ሰው እያለ ነው ለካ እኔ ዓመቱን ሙሉ ከነሱ ጋር ስጨቃጨቅ የምውለው።

የኔ ተራ የሆነ ቀን ትዝ ይልሻል አይደል? አትሳቂ! እሺ ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። እናንተ ከኋላ ተደርድራችሁ ስታዩኝ ላብ አጠመቀኝና ግማሽና ሲሶ ደምሬ ሁለት አምስተኛ ብዬ ጻፍኩ። ላዩንም ታቹንም ደምሬ! የሒሳብ ተጠሪ! ያቺ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ባትኖር እስካሁን ሰሌዳው ላይ ነበር። "ቲቸር፣ አልገባኝም። ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ አነሰ?" ብላ አፋጠጠችኝ። ከዚያማ ክፍሉ ተንጫጫ፤ አንዱ ወረቀት ያጥፋል፣ አንዱ ይስላል፣ እኔም አብሬያቸው… መልሱ የተገኘው ሊደወል ሲል ነው። "መምህርቷ ድጋፍ ያስፈልጋታል፤ ተማሪዎቿም አልገባኝም ማለት ለምደዋል" አሉኝ። እውነት ነው። ምን የመሰለ አስተያየት ነው! የሚያስብልሽ ሰው ነው እንዲህ የሚልሽ።

እሳቸው ግን… እንዴት ያለ እጅ ነው! ያንኑ የኔን ጥያቄ ነው የወሰዱት፣ እኔን ላለማሳፈር ይሆናል። ዞር ብለው "ግማሽ ሲደመር" ብለው ጽፈው ሳይጨርሱ፣ ያ ከፊት የሚቀመጠው ልጅ "አምስት ስድስተኛ!" አላለም? እኔ ደነገጥኩ። ሲሶው ገና ጠመኔው ውስጥ ነው እኮ! ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው ይባላል፤ እዚያ ክፍል ግን ቀንዱ ጆሮውንም አልጠበቀ። እሳቸው ምን አደረጉ? ምንም። "ጎበዝ!" አሉና ሲሶውን ጻፉ። መልሱን ተከትሎ ጥያቄውን መጻፍ… ይሄ ተሰጥኦ እንጂ በሥልጠና የሚገኝ ነው? ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ ካንቺም በላይ ነው ያጨበጨብኩት፤ መዳፌ ቀልቶ ነበር። እኔ ክፍል መልስ የሚመጣው ከጥያቄው በኋላ ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ይቀራል።

ያቺ የጥግ ልጅ ግን አልነበረችም። ልብ ብለሽ ነበር? እኔ አመማት ብዬ ሰግቼ፣ እናንተ ስትወጡ ፍለጋ ሄድኩ። ቤተ መጻሕፍት ናት! እሷና ጥቂት ጓደኞቿ ጨርቅ ይዘው የመጻሕፍት አቧራ ያራግፋሉ። ምን አለችኝ መሰለሽ? "ቲቸር፣ ከትናንት ወዲያ መልሱን ስናጠና እኔ ስለረሳሁት ነው እዚህ የላኩኝ?"

ያን ያህል ያጨበጨብኩበትን እጄን የት ልደብቀው… ግን ደግሞ አሰብኩት፤ እኔ ነኝ የማይገባኝ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረግ የለ? ክፍሉንም መጥረግ ነው፤ ከዚያ ሁሉም የገባው ይሆናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉን የድሮ ሰዎች ይሄን ሳያዩ ሄዱ። አሁን ከሻይ በኋላ ደግሞ እጅ አውጡ ሊሉን ነው፤ በየትምህርት ቤታችሁ እንዲሁ ይሁን ወይ ተብሎ። የሁላችንም ቤተ መጻሕፍት አቧራው ሊራገፍ ነው!

ትሕትናቸውን ደግሞ አልነገርኩሽም። ባለፈው ሰሞን ኮሪደር ላይ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ "ትንሿ ልጄ ክፍልፋይ አልገባት ብሎ ታለቅሳለች፤ ቅዳሜ ብታይልኝ" አሉኝ። እኔን! ድጋፍ የሚያስፈልጋትን! በእጃቸው ያለውን ዘዴ ለልጃቸው ሰስተው ይሆን? ወይ ለሌላ ሰው ልጅ ብቻ ነው የሚሠራው? እንጃ።

ልጅቷ መጣች። እንዴት ታሳሳለች መሰለሽ። ደብተሯን ገና ሳትከፍት፣ "መልሱን መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ በቃሌ እይዘዋለሁ" አለችኝ። ማን እንዳስለመዳት እንጃ… ተቀምጠን፣ ወረቀት አጣጥፈን፣ እኔም እንደ ልማዴ ሁለቴ ተሳስቼላት፣ መጨረሻ ላይ በቀጭን ድምፅ "አልገባኝም" አለች። ልስማት ምንም አልቀረኝም! እንግዲህ እሷንም አበላሸኋት።

ደወሉ ነው? ተነሺ እንግባ። ሻይሽም ቀዘቀዘ፣ እኔ ስለፈልፍ። እጅ አውጡ ሲሉ እኔም አወጣለሁ፤ አውጥቼ ግን "አልገባኝም" ነው የምለው። ቢልኩኝም ግድ የለኝም፤ የቤተ መጻሕፍቱን መንገድ አውቀዋለሁ።

ቆዪ ብቻ፣ ሳንገባ አንዴ ልመርቅ። ይሄን ሁሉ ለደከሙልን ሰው ምርቃት ያንሳቸዋል? እኔ እንደሆነ ቅዳሜ አለኝ፣ በሬም ክፍት ነው፤ ግን የኔ ቢጤዋ እስከ መቼ ትይዛታለች? ፈጣሪ ይቺን የምታሳሳ ልጃቸውን ይባርክላቸው። ከኔ ዓይነቷም ይገላግላትና፣ ከዛሬ ጀምሮ በገባችበት ክፍል ሁሉ፣ ልክ እንደ አባቷ ያለ መምህር ይስጣት።

አሜን በይ እንጂ… ምነው፣ ከኋላችንም አሜን የሚል ጠፋ?